ማን አየ የሚባለው ውሻ

ጉደር፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዶክተር ሮቤራ፣ አዳማ

እንደምን ሰንብተሃል? እኔና አክስቴ ወለተማርያም ደህና ነን። ትናንት በስልክ ለጠየቅኸኝ ነገር ወዲያው «ማንም የለም» ብዬ መለስኩልህ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መልሱ የችኮላ መሆኑ ተሰማኝ። ሰው በስልክ የሚቸኩለው ዝም ማለት ስለሚያሳፍረው ነው። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። አንተም እንዲሁ አድርግ። የተጻፈ አይካድም፤ ሃያ ዓመት ጆንያና ሸራ ስሸጥ የተማርኩት ይህንን ነው።

የጠየቅኸኝ፣ በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለሩብ ሰዓት ያህል ከውሻው ጋር ማን እንደሚሆን ነው። የቀን ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁ። እኔ አምቦ ያለውን ሱቄን አሥራ አንድ ላይ ዘግቼ ሚኒባስ እይዛለሁ፤ ጉደር ቤቴ የምገባው አሥራ ሁለት ሲል ነው። አክስቴ በዚያ ሰዓት ጓዳ ናት። ጆሮዋን ታውቀዋለህ፤ ተማሪ ሆነህ እኛ ሰርቪስ ቤት አምስት ዓመት ስትኖር «ዝናብ መጣ» ስትላት «ማን መጣ?» ብላ ወጥታ በር ትከፍት ነበር። አሁን ብሶባታል። የግቢው በር ከውስጥ ይቆለፋል። ሌላ ሰው የለንም።

አባዬ ነሐሴ ላይ ካረፈ ወዲህ ውሻው እህል አልቀምስ ብሎ ሲከሳ ይህን አንገት ማሰሪያ ላክህልኝ። የልብ ትርታውን፣ እርምጃውን፣ የቆመበትን ቦታ ይቆጥራል፣ ድንገት ስሜቱ ሲለወጥ ደግሞ አሥር ሰከንድ ድምፅ ቀድቶ አዳማ ድረስ ይልካል ስትለኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የጤና ነገር አልመሰለኝም ነበር። እሑድ እሑድ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ሌላውን አንተ ታውቃለህ።

ረዳትህን ዶርቃስን ግን ምከርልኝ። ፎርሙ ላይ «የእንስሳው ስም» በሚለው ቦታ «ማን አየ» ብዬ ብሞላ «እባክዎ ጥያቄን በጥያቄ አይመልሱ» ብላ ጻፈችልኝ። ስሙ ነው በላት።

በዚያ ሰዓት ይቆምበታል ያልከው ቦታ አጥሩ ጥግ ነው፤ የወሰኑ ድንጋይ ያለበት። አባዬ በሕይወት ሳለ በዚያው ሰዓት እዚያው ቆሞ ደረቅ ዳቦ ይሰጠው ነበር። ውሻ ልማድ አለው። ከዚያ በላይ ነገር ያለበት አይመስለኝም። አንተ ግን ስትጠይቀኝ ድምፅህ እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። የደበቅኸኝ ካለ ጻፈው።

ሸዋገነት ጉተማ


አዳማ፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴ ሸዋገነት

ጤና ይስጥልኝ። ለአክስታችን ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ጮክ ብለው። ዶርቃስ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ከተማ ያደገች ልጅ ስለሆነች የውሻ ስም «ቦቢ» ብቻ ይመስላታል። ለኦቦ ጉተማ ለቅሶ ሳልደርስ መቅረቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አንገት ማሰሪያውን የላክሁትም በከፊል ለዚያ ካሳ ይሆናል ብዬ ነው።

የደበቅሁት የለም ብል እዋሻለሁ። ሳላረጋግጥ መጻፍ ስላልፈለግሁ ጥቂት ቀን ይስጡኝ። የማውቀውን ግን ልንገርዎ። የማን አየ ልብ ቀኑን ሙሉ በደቂቃ መቶ ጊዜ ገደማ ይመታል። በአሥራ አንድ ተኩል ወደ ስልሳ ይወርዳል፤ ሩብ ሰዓት እንደዚያ ይቆይና ይመለሳል። ውሻ ብቻውን ቆሞ እንዲህ አይረጋጋም። እንዲህ የሚሆነው የሚወደው ሰው አጠገቡ ሲሆን ነው።

ትናንት ደግሞ በስልክ የጠየቅሁዎትን ሦስቱን ነገር እባክዎ በጽሑፍ ይመልሱልኝ፤ መስመሩ ስለተቋረጠ ግማሹን አልሰማሁትም። ጆሮው ላይ ያለውን ቁስል መቼ እንዳዩትም ይጨምሩልኝ።

አክባሪዎ፣ ሮቤራ


ጉደር፣ ኅዳር 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሮቤራ

ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

የአባዬ ድምፅ የተቀዳበት ነገር የለም። ስልኩ ባለ ቁልፍ ነበር፤ እሱም ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ለምን እንደጠየቅኸኝ አልገባኝም፤ ገብቶኝ ከሆነም ገና አልቀበለውም።

ውሻውን እንዴት ይጠራው ነበር ላልከው፣ ስሙን ከነታሪኩ ልጻፍልህ፤ አንተ የሰማኸው ግማሹን ነው። ጎረቤታችን ኦቦ ፉፋ የወሰኑን ድንጋይ ሁለት እርምጃ ተኩል ወደ እኛ አስጠግተዋል ብሎ አባዬ ሽማግሌ ሰበሰበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦሮምኛ የማይሰሙ ጡረተኛ መምህር ስለነበሩ ነገሩ በአማርኛ ተካሄደ። ኦቦ ፉፋ ተነሥተው «ማን አየ?» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያየ ሰው ስላልነበረ ነገሩ በዚያው ቀረ። አባዬ በሳምንቱ ቡችላ አምጥቶ «ማን አየ» አለው። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ኦቦ ፉፋ ቤት አዙሮ፣ ሁለት ጊዜ ይጣራል፤ «ማን አየ! ማን አየ!» ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንተም ታውቃለህ።

ሦስተኛውን ጥሪ ግን አታውቅም። ውሻው ሲመጣለት ጎንበስ ብሎ በጆሮው «ኮቱ፣ ያ ኢልማኮ» ይለዋል፤ ና ልጄ። በቀስታ፣ ማንም እንዳይሰማው። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሱቅ ሳልሄድ በዋልኩ ቀን ዳቦውን እኔ ስለማቀብለው ሰምቼዋለሁ፤ ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ለሰው ስነግርም ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የክትባት ካርዱን አገኘሁት። የሚከተበው መስከረም 20 ነበር። አባዬ በየዓመቱ ያስከትበው ነበር፤ እኔ ካርዱን ከወረቀቶቹ ጋር ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ቀን አይረሳኝም እል ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምክንያት አልደረድርም። የጆሮው ቁስል ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የመጣ ነው፤ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ከበሩ ሥር ገብቶ ተናክሰው ነበር።

ያልጠየቅኸኝን ደግሞ ልጨምር። ከቅዳሜ ጀምሮ ውሻው ልክ አይደለም። ጩኸቱ ሰልሏል፤ የሌላ ውሻ ይመስላል። ውኃ ላይ አፉን ያደርጋል እንጂ አይውጥም። ባዶ ቦታ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቆያል፤ ቀጥሎ ዝንብ እንደሚይዝ አየሩን ይነክሳል። ዝንብ ግን የለም።

ሸዋገነት


አዳማ፣ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

አዴ ሸዋገነት

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። የላኩልኝን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። ከዚህ ሆኜ መቶ በመቶ እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብዬ እፈራለሁ።

ማንም እንዳይነካው። የሚቆለፍ ክፍል ውስጥ ያስገቡት፤ ምግቡን በረጅም እንጨት ይግፉለት። ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ደውያለሁ፤ ይመጣል። እርስዎና አክስታችን ምራቁ ነክቷችሁ ሊሆን ስለሚችል ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሄዳችሁ መርፌ ጀምሩ። ነገ ይበሉኝ እንጂ ከነገ ወዲያ አይበሉኝ። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ከዚያ በፊት ግን መርፌው ያድናል። ስለዚህ ከእንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ባለፉት አሥር ቀኖች ውስጥ ማንን ነክሷል? ማንም ቢሆን መርሳት የለብንም።

አሁን የደበቅሁትን ልንገርዎ። ከዚህ ጋር አንድ የድምፅ ቅጂ ልኬያለሁ። መሣሪያው የቀዳው ጥቅምት 28 ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ ላይ ነው። ያን ድምፅ አምስት ዓመት በየምሽቱ እያጠናሁ ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ ተሳስቻለሁ ብዬ ራሴን ማታለል አቃተኝ። ተቀምጠው ይስሙት።

ሮቤራ


ጉደር፣ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሮቤራ

ሱቅ ውስጥ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። ሁለት ጊዜ ሰማሁት።  ስድስት ሰዓት ላይ ሱቄን ዘጋሁ፤ እንዲህ ያደረግሁት በቀብሩ ቀን ብቻ ነበር።

አባዬ ነው። ሌላ ሰው ነው ብዬ ልጽፍልህ ሁለት ቀን አሰብኩ፤ አልሆነልኝም።

ስልኩን አክስቴ ጆሮ ላይ አደረግሁላት።

«ምን ይላል?» አለች።

«አባዬ ነው፤ ውሻውን ይጠራል!»

«ታዲያ አንቺ ምን ያስደነግጥሻል? አንቺን አልጠራ!»

መርፌውን ሁለታችንም ረቡዕ ጠዋት ጀምረናል። ውሻውን ማክሰኞ በድሮ ክፍልህ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ቁልፉ ከቀሚሴ ኪስ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባም።

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ በአሥር ቀን ውስጥ ደጃችንን የረገጠ ሰው ሁሉ ጻፍኩ። ወተት የምታመጣው ኡርጌ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው፣ ቄሱ። እያንዳንዳቸውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። የተነከሰ የለም። ቀጥዬ እንዲህ አሰብኩ። የሞተ ሰው ውሻ አይጠራም። የጠራው ሰው ነው። ሰው ከሆነ ውሻው አጠገብ ቆሟል። ውሻው አጠገብ ከቆመ ደግሞ ልንደርስለት የሚገባው እሱ ነው።

ትናንት ቀትር ላይ ኦቦ ፉፋ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። በዚያ ፀሐይ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበዋል። ለቅሷችን ላይ ሦስት ቀን ዳር ተቀምጠው ከማንም ሳይነጋገሩ ከሄዱ ወዲህ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነው።

«ውሻሽ አብዷል አሉ። ለምን አታስገድዪውም?»

«ሐኪሙ ይመጣል። ኦቦ ፉፋ፣ እርስዎን ነክሶዎታል?»

«እኔን? ማን አየ?» አሉና ሳቁ።

ሳቃቸው እንደ ድሮው ነበር። ቀኝ እጃቸውን ግን ከጋቢው አላወጡም። ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። የካደ ሰው ማስረጃ ፊቱ ካልተቀመጠ አይመለስም፤ አውቃቸዋለሁ። አንተ ጋ ያለውን ቅጂ ሁሉ አንድ በአንድ አዳምጥ። አንድም እንዳትዘል።

ሸዋገነት


ጉደር፣ ኅዳር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሮቤራ

ትናንት ደውለህ «እንዴት ሆነ?» ላልከኝ በአጭሩ። ዓርብ ጠዋት፣ ኅዳር 14፣ ሐኪሙ ከመድረሱ በፊት ሞተ። ጭንቅላቱን ለምርመራ ወሰዱት፤ የቀረውን በጥልቅ ጉድጓድ ቀበሩት። እኔ አላየሁም፤ በሩን ከፍቼ ቁልፉን ሰጥቼ አምቦ ሄድኩ። አንገት ማሰሪያውን በመድኃኒት አጥበው ሰጥተውኛል። ሱቄ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ መብራቱ ጠፍቷል።

አላለቀስኩም። አክስቴ ግን ማታ ማታ ትዘጋው የነበረውን የቤቱን በር ከዓርብ ጀምሮ ክፍት ትተወዋለች፤ ለምን ብላት «የሚወጣም የሚገባም አለ» ትለኛለች። ጆሮዋ ባይሰማም ዓይኗ ደህና ነው።

ቅጂዎቹን አዳመጥክ ወይ? መልስህን እጠብቃለሁ።

ሸዋገነት


አዳማ፣ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

አዴ ሸዋገነት

አላህም እግዜርም ያጽናዎት፤ ማን አየ ከእኔም ጋር ያደገ ውሻ ነበር። የምርመራው ውጤት ደርሶኛል። በሽታው እሱው ነው።

ጥፋት ስለ መናዘዝ አስተምረውኛልና እኔም የራሴን ልናዘዝ። መሣሪያው የላካቸውን ቅጂዎች መጀመሪያ የምትለየው ዶርቃስ ናት። ስሙ መሆኑን ብትሰማም፣ በጆሮዋ ሲመጣ ግን ሰው ለሰው «ማን አየ?» እያለ የሚጠይቅ እየመሰላት «የቤት ወሬ» በሚል ክፍል ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። እኔ ያየሁት ጥቅምት ላይ በአጋጣሚ የከፈትኩትን ብቻ ነው። በእርስዎ ቃል ተነሥቼ ከትናንት ጀምሮ ሁሉንም በቅደም ተከተል እያዳመጥኩ ነው። ኅዳር 7 ላይ ስደርስ አቆምኩና ይህን ጻፍኩ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት። ያው ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጠራል። ውሻው ያጉረመርማል። ከዚያ አንድ ሰው ይጮኻል፤ «ወይኔ እጄን! እጄን!» ይህኛው ድምፅ የኦቦ ጉተማ አይደለም። ሙት ደግሞ እጄን ብሎ አይጮኽም።

ማን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ምልክት ካልታየበት አልረፈደም። እባክዎ ይህን አንብበው ሲጨርሱ ጫማዎን ያድርጉ።

ሮቤራ


ጉደር፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሮቤራ

«ደረሱ ወይ?» ብለህ ሦስት ጊዜ ደውለሃል፤ አላነሳሁትም፤ ሰው ፊት ነበርኩ። ደርሻለሁ።

ኦቦ ፉፋ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ፉፋ? እጅዎን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«ሰላምታሽ እንደ አባትሽ ነው፤ እንኳን አደሩ ሳይል ነገር ይጀምራል። ብርድ ነው፤ አላወጣም።»

«ውሻው ሞቷል። ያበደ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል።»

«ነፍሱን ይማር። የሞተ ውሻ እኔን ምን ያደርገኛል?»

«ነክሶዎታል።»

«ማን አየ?» አሉ።

ስልኩን አግዳሚው ላይ፣ በመካከላችን አስቀምጬ ከፈትኩት። በአባዬ ድምፅ ሁለት ጊዜ ሲጠሩ ሰሙ፤ ቀጥሎ በራሳቸው ድምፅ ሲጮሁ ሰሙ። ድምፁ አለቀ። ከዚያ ጋቢውን ገለጡት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ነው፤ በአሮጌ ጨርቅ ታስሯል።

«እንዴት እንዲህ ሊያወጡት ቻሉ? ድምፁን» አልኳቸው። አስቀድሜ ልጠይቅ የሚገባኝ ሌላ ነበር፤ አፌን የቀደመኝ ግን ይኸው ነው።

«ስምንት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ሲሰድበኝ እዚህ ተቀምጬ ስሰማው ኖርኩ። እኔ ደህና እደር የሚለኝ ሌላ ሰው የለኝም ሸዋገነት። ቀኑ የሚያልቅልኝ በሱ ስድብ ነበር። ሲሞት ቀኑ አላልቅ አለኝ። አንድ ምሽት እንዲሁ ድምፁን ሞከርኩት። ውሻው እየሮጠ መጣ። በአጥሩ ቀዳዳ ዳቦ ሰጠሁት፤ አሻሸሁት። ከዚያማ እንዴት ልተወው?»

«ታዲያ ሲነክስዎ ለምን ደበቁ?»

«ምን ልበል? ‹የሟች ጠላቴን ድምፅ አስመስዬ ውሻውን ስጠራ ነከሰኝ› ልበል? ጉደር ውስጥ ማን በሰላም ያስቀምጠኛል!»

ይህን ጊዜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አልሳቁም። ባጃጅ ጠርቼ ያኔውኑ ወደ አምቦ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የመጀመሪያውን መርፌ ትናንት፣ ኅዳር 20 ተወጉ። አራት ይቀራቸዋል። ቀኑን እኔ እይዝላቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ የመርፌ ቀን አይረሳኝም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሰው ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ዛሬ ሌሊቱን በደንብ ተኛሁ።

አንድ ነገር ግን፣ እንዳለ ልጻፈው ብዬ ነው እንጂ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። በባጃጁ ውስጥ «በየቀኑ ነበር የሚጠሩት?» ብያቸው «እስከ ነከሰኝ ቀን ድረስ በየቀኑ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠራሁም፤ በሬን ዘግቼ ነው ያመሸሁት» አሉኝ።

ሸዋገነት


አዳማ፣ ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

አዴ ሸዋገነት

ኦቦ ፉፋን ስላተረፉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪሙ እኔ ብባልም ሕክምናው የእርስዎ ነው። ደብዳቤዬ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። የመጨረሻዎቹን አራት መስመሮችዎን ካነበብኩ በኋላ ቀሪዎቹን ቅጂዎች አዳምጬ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀብኝ።

እባክዎ ኦቦ ፉፋን ደግመው ይጠይቁልኝ። ከኅዳር 7 በኋላ በእርግጥ አልጠሩም?

ከኅዳር 8 እስከ ኅዳር 13 በየቀኑ አንድ አንድ ቅጂ አለኝ። ስድስት ናቸው። ሁሉም ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ናቸው። ከኅዳር 11 ጀምሮ ውሻው በእኔ የድሮ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ክፍሉ ደግሞ ከአጥሩ በጣም ይርቃል። በእነዚያ ቀኖች ልቡ በደቂቃ እስከ መቶ ሰማንያ ይመታ ነበር፤ በዚያ በሽታ የተያዘ እንስሳ ዕረፍት የለውም። በዚያች ሩብ ሰዓት ግን በየቀኑ ወደ ስልሳ ይወርዳል። የተማርኩትን ሁሉ አገላብጬ ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

መሣሪያው አሮጌ ቅጂ ደግሞ ልኮ ይሆናል ብዬ ሠሪዎቹን ጠየቅሁ። አይችልም አሉ። ቢችልም አይሆንም፤ ምክንያቱም ኦቦ ፉፋ በጠሩባቸው ቅጂዎች ሁሉ ጥሪው ሁለት ነው። በእነዚህ ስድስቱ ግን ሦስት ነው። ሁለቱ ጮክ ያሉ ናቸው። ሦስተኛው ቀስ ያለ ነው፤ መሣሪያው ላይ አፉን አስጠግቶ የተናገረ ያህል ይሰማል።

የኅዳር 10ን ደብዳቤዎን አውጥቼ ከፊቴ አስቀመጥኩት። ቃሉ እርስዎ የጻፉት ነው። አንድም ፊደል አይለይም።

እኔ እዚህ የተቀመጥኩት የሩቅ እንስሳትን ላክም ነው። እንዲህ ያለውን ግን ማን ዘንድ እንደምልከው አላውቅም። ላጥፋው? ወይስ ልላክልዎ?

ሮቤራ


ጉደር፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮቤራ

እንደምን ከረምክ? አክስቴ «ያ ልጅ ዛሬም ያጠናል ወይ?» ብላሃለች፤ ጨርሷል ብላት «ጎበዝ ነበር፤ ይደግመዋል» አለች። ሰላምታ ካልከው ይኸው ነው።

ላጥፋው ወይስ ልላክ ላልከው አንድ ወር ሊሞላው ሳልመልስልህ ቀረሁ፤ ይቅር በለኝ። መልሱን አጥቼ አልነበረም። አታጥፋው፤ አትላክልኝም። አንተ ጋ ይቀመጥ። ለውሻ የተነገረ ቃል ነው፤ ለእኔ አይደለም።

ኦቦ ፉፋን ደግሜ ጠይቄያቸዋለሁ። አልጠሩም። አራት ጊዜ መርፌ ልወስዳቸው ስሄድ አራት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ አራቱንም ቀን መልሳቸው አንድ ነው። ሦስተኛውን ጥሪ ግን አልነገርኳቸውም። ለማንም አልነገርኩም። የጻፍኩት ለአንተ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን መርፌ ታኅሣሥ 18 ተወጉ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ አይስጉ» ሲላቸው ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡና «አንቺ ባትመጪ እኔ አልሄድም ነበር» አሉኝ። እውነት ነው፤ አይሄዱም ነበር።

በማግስቱ ገብርኤል ስለነበር ሱቅ አልሄድኩም። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ኦቦ ፉፋ ገጀራና ዲጂኖ ይዘው መጡ፤ ገጀራው ለአጥሩ ቁጥቋጦ፣ ዲጂኖው ለድንጋዩ መሆኑ ነው። እጃቸው ድኗል፤ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። ድንጋዩን ነቅለው፣ አንከባልለው፣ ሁለት እርምጃ ተኩል ወደ ራሳቸው መለሱት። ላግዝ ብል ከለከሉኝ። ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

«ማን አየ?» አልኳቸው።

«አንቺ አየሽ» አሉኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ የዚያ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ያን ቀን ሰማሁ።

ሊሄዱ ሲሉ ዞሩ። «ሸዋገነት፣ ምሽቱ አሁንም አላልቅ ይለኛል። አንቺ የሱ ልጅ ነሽ። አንድ ጊዜ ጥሪልኝና ደህና ልደር።»

ነገሩ የልጅ ጨዋታ መሰለኝ፤ ሆኖም እምቢ ማለት አልቻልኩም። ወደ ቤታቸው ገብተው በረንዳቸው ላይ እስኪቀመጡ ጠበቅሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አራት ነበር። ድንጋዩ አጠገብ፣ አዲሱ ቦታው ላይ ቆምኩና እንደ አባዬ ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ ጮክ ብዬ ጠራሁ።

«ማን አየ! ማን አየ!»

ከዚያ አፌን ዘጋሁ። ነፋስ አልነበረም። የአጥሩ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ወደ ቤት ልገባ ስል ከማዶ የኦቦ ፉፋ ድምፅ መጣ።

«ሸዋገነት፤ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። በቀስታ በኦሮምኛ ያልሻትን ግን ከአባትሽም ሰምቼ አላውቅ። ‹ልጄ› ነው ያልሽው?»

ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። አሁን ለአንተም የምጨምረው ይህንን ብቻ ነው።

እኔ የጠራሁት ሁለት ጊዜ ነው።

ሸዋገነት ጉተማ